የሷሊህ ዚር

ሩፊዳ ባልዲውን እስከ ዚሩ አፍ አንሥታ ቆመች። ማፍሰስ ብቻ ነበር የቀራት። ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያደረገችው ነገር ነው፤ ዛሬ ግን እጇ እምቢ አላት። ባልዲው ከበዳት፣ ትከሻዋን አመማት፣ መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ዚሩ ከሱቃቸው ደጃፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ በየመንገዱ ዳር እንዲህ ያለ ይቀመጣል፤ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማም አንዳንድ ሰዎች ያኖራሉ። የቆርቆሮ ኩባያ በሰንሰለት ታስሮበታል። የጠማው ሁሉ ቀድቶ ይጠጣል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ይኼኛው የአባቷ የሷሊህ ዚር ነው። ሷሊህ አምና ሲሞት እናቷ መጂዳ ለነፍሱ ሰደቃ ብላ አቆመችው። የሚጠጡት ሰዎች «አላህ ይማረው» ይላሉ፤ ባይሉም ምንዳው ይደርሰዋል። መጂዳ ደግሞ በሁለት ነገር ቀልድ አታውቅም፤ በሶላትና በዚሩ። «ዚሩ ደርቆ ከዋለ አባትሽን ጠማው ማለት ነው» ትላለች።

ሩፊዳን የያዛት ትናንት የሰማችው ነገር ነው።

ትናንት ዓርብ ከትምህርት በኋላ የኬሚስትሪ መምህሩ ባየልኝ የሳይንስ ክበቡን አራት ልጆች ጠርተው በሩን ዘጉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጆቹ ከሰፈራቸው ቧንቧ ውሃ ቀድተው በጠርሙስ ለምርመራ ወደ ጎንደር ልከው ነበር። ያኔ ጨዋታ ነበር፤ ሩፊዳና ጓደኛዋ ስርጉት ጠርሙሱ ላይ ስማቸውን ለመጻፍ ተጣልተውበታል።

«ውጤቱ መጥቷል» አሉ መምህሩ። «የአረም መድኃኒት አለበት። የተባይም አለበት። ከሚፈቀደው በላይ ነው፣ በብዙ።»

የልጆቹ ሰፈር ከከተማው ዳር ነው፤ ውሃውም የሚመጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ በላይ ካለው ሜዳ ጊዜው ያለፈበት የሰሊጥ እርሻ መድኃኒት ከነበርሜሉ ተቀብሯል ይባል ነበር። ማን እንደቀበረው የሚያውቅ የለም፤ ወይም የሚናገር የለም።

«ብናፈላውስ?» አለች ስርጉት።

«ማፍላት ጀርም ይገድላል። ይኼ ጀርም አይደለም። ውሃው ሲተን መድኃኒቱ እዚያው ይቀራል።»

«የውሃ ማከሚያውስ?»

«አይሠራለትም።»

«እና ምን እንጠጣ?»

መምህር ባየልኝ ወረቀቱን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። «ዛሬ የጠጣ ሰው ዛሬ አይወድቅም። ክፉው፣ ዓመት ከዓመት ሲጠጣ ነው። ለሚመለከታቸው ነግሬያለሁ። ሁለተኛ ናሙና ተልኮ እስኪረጋገጥ ለማንም እንዳይወራ ብለዋል፣ ሕዝቡ ይሸበራል ብለው። ወር ቢፈጅ ነው። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፣ እሽ?»

«እኛስ እስከዚያ ድረስ መምህር?» አለች ሩፊዳ።

«እኔም የምኖረው እናንተው ሰፈር ነው» አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ስርጉት እንደ ልማዷ ልትቀልድ ሞከረች። «በቃ ሃይላንድ ግዥና ዚሩን ሙይዋ! የሰፈሩ ሀብታም ትባያለሽ።» ሁለቱም ሳይስቁ ተለያዩ።

«ምነው ቆምሽ?» አለች አሁን መጂዳ ከሱቁ ብቅ ብላ። «ሰው ሁሉ ሳይነሣ ሙይው እንጅ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ገበያተኛ አለ።»

ሩፊዳ ዝም ልትል ነበር፤ አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻት። እየተናገረች እናቷ እንድትቆጣት፣ «የማይረባ ወሬ» እንድትላት ተመኘች። መጂዳ ግን አልተቆጣችም። በሱቁ ደፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«በወረቀት ነው የመጣው?»

«በወረቀት። ማኅተም አለው።»

«ስለዚህ ዓመት ሙሉ…» አለችና አቆመች። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው። «በስሙ መርዝ ሳጠጣ ነበር?»

«አላወቅሽም እኮ እማ።»

«አሁንስ? አሁን አውቄያለሁ።» መጂዳ ወደ ዚሩ አየች። «ሌላ ውሃ አለ?»

ሩፊዳ ሌሊቱን ያሰበችው ይኼንኑ ነው። ወንዙ ከብት ይነከርበታል። የሌላው ሰፈር ቧንቧ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ ለራሳቸውም አይበቃቸውም።

«የለም» አለች።

«እኛስ ምን ልንጠጣ ነው ዛሬ?»

«ይኼንኑ።»

«እንግዲያው የምንጠጣውን ነው የምናጠጣው። እኔ ከየት አመጣለሁ?» መጂዳ ተነሥታ ባልዲውን ራሷ አነሣችና ዚሩ ውስጥ ገለበጠችው። ውሃው የወትሮ ድምፁን አሰማ። ልጇን ቀና ብላ ሳታይ ወደ ሱቁ ገባች። ሩፊዳ እናቷን እንዲህ ሆና ያየቻት ሷሊህ የተቀበረ ቀን ብቻ ነበር።

ከኒሙ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ከገበያ ሲመለሱ ጠጡ። ሩፊዳ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ስታስብ አሮጊቷ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቀጥሎ ባጃጁን ጥግ አስይዞ አንድ ሹፌር ወረደ፤ አንድ ኩባያ ጨልጦ «ኡፍ! አላህ ይማረው» አለ። በሌላ ቀን ደስ ይላት ነበር። ዛሬ አንገቷን አቀረቀረች።

አምስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ። ዕድሜው ከእሷ ብዙም አይበልጥም። ወገቡ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ማጭድ ሽጧል። ሳሉግ ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ከሚወርዱት አንዱ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ኩባያውን ሲያነሣ ሩፊዳ ብድግ አለች።

«ቆይ! ውሃው ጥሩ አይደለም።»

ልጁ አሸተተው። «ምን ሁኗል?»

«መድኃኒት ገብቶበታል። የአረም መድኃኒት። ተመርምሮ ነው።»

«አንችስ ከየት ነው የምትጠጭ?»

«ከዚሁ።»

ቀልድ መስሎት እስክትስቅ ጠበቀ። «ዛሬም ጠጥተሻል?»

«ጠዋት።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ጠጣ። ደገመ። አፉን በክንዱ ጠርጎ «የማን ነው?» አለ በአገጩ ወደ ዚሩ እያመለከተ።

«የአባቴ። ሙቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለና የጀሪካኑን ክዳን መፍታት ጀመረ። «ለጓደኞቼም ልውሰድ። ወደ ኮኪት እርሻ የሚመልሰን መኪና ነዳጅ እስኪያገኝ እየጠበቅን ነው።»

ከመንገዱ ማዶ በቆመ አሮጌ አይሱዙ ጥላ ሥር ዐሥር ያህል ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዱ «አንተ አገኘሁ! ቶሎ በል እንጅ!» ብሎ ልጁን በስሙ ተጣራ።

«ትነግራቸዋለህ?» አለች ሩፊዳ።

አገኘሁ የዚሩን ውሃ በኩባያ እየቀዳ ወደ ጀሪካኑ ማንቆርቆር ጀመረ።

«አልነግርም» አለ ሦስተኛውን ኩባያ እየገለበጠ። «ከነገርኋቸው ግማሾቹ አይጠጡም። እርሻው ላይ ደግሞ ውሃ ማታ ነው የሚመጣ። ትናንት አንዱን ልጅ ፀሐይ መትቶት ወድቆብናል፤ ሰው አይለይም ነበር። ዝም ብለው ይጠጡ።»

ሩፊዳ እንዳይወራ ያሉትን ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ስትረግማቸው ነበር ያደረችው። አሁን ያንኑ የሚላት ግን ባለ ቢሮ አይደለም፤ ጓደኞቹ እንዳይወድቁበት የፈራ ልጅ ነው። ልትረግመው አልቻለችም። ትክክል ነህ ልትለውም አልቻለችም። ጀሪካኑን ደፍታ ብትሮጥስ? ውሃ የጠማቸው ዐሥር ሰዎች ይቀራሉ። አገኘሁ ቀዳ፤ እሷ ቆማ አየች፤ የዚሩ ውሃ ወደ ታች ወረደ፤ ጀሪካኑ ሞላ። እንዲህ አቅም አጥታ አታውቅም።

አገኘሁ ክዳኑን ገጥሞ ሊያነሣው ሲያጎነብስ ሩፊዳ እጀታውን ያዘች።

«ተይው፣ እችለዋለሁ» አለ።

«እንደምትችለው አውቃለሁ።»

«እና?»

ለሰዎቹ ብትናገር ማታ ወሬው ሰፈሩን እንደሚያዳርሰው ገባት። ማን ነገራቸው ተብሎ መምህር ባየልኝ ይጠራሉ። እናቷም የምትገባበት ቀዳዳ ታጣለች፤ ነገ ከሷሊህ ዚር ማን ይጠጣል? ምናልባት ማንም። ምናልባት ደግሞ ሁሉም፣ ሌላ ስለሌለ።

«እኔ ልንገራቸው» አለች።

«አትጠጡ ልትያቸው?»

«አይ። ምን እንደሚጠጡ ልነግራቸው።»

አገኘሁ ወደ ጓደኞቹ አየ፤ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ለእጇ ቦታ እንዲኖራት እጁን ወደ እጀታው ጫፍ ገፋ አደረገ። ሁለቱ ጀሪካኑን አብረው ይዘው፣ አንድ ባጃጅ አሳልፈው መንገዱን ተሻገሩ። ከአይሱዙው ሥር ከተቀመጡት አንዱ ሲያያቸው ፈገግ ብሎ ተነሣ፤ ጣሳውን ዘረጋ። ሩፊዳ ጀሪካኑን አስቀመጠችና እጇን ክዳኑ ላይ እንዳሳረፈች «ከመጠጣታችሁ በፊት ስሙኝ» አለች።