ባለ ፔዳሉ ክንፍ

ትናንት ዝናብ፣ ዛሬም ዝናብ። ይኼ ዝናብ መጥገብ አያውቅም፤ ወንዙን ሞልቶ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው።

ሽታዬ ከአክስቷ ከዘነቡ ጋር ወዲህ ማዶ ቀረች። እማዬና አባባ ወዲያ ማዶ፣ ጤና ጣቢያ ናቸው። እማዬ እዚያ ወንድ ልጅ ወለደች።

አባባ ደውሎ፣ እማዬ በጣም ደክማለች አለ። እዚያ ትኩስ አጥሚት የሚሠራላት ሰው የለም።

ሽታዬ ይህን ሰማች። «እማዬ ጋ ውሰዱኝ» አለች። ጠዋትም አለች፣ ማታም አለች።

አጎቷ ደመላሽ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ለአንዱ ብስክሌት ከቀርከሃና ከላስቲክ ትልቅ ክንፍ ሠራለት። ሞተር የለውም፤ ፔዳሉ ሲመታ ከፊቱ ያለው ማራገቢያ ይሽከረከራል።

ዝናቡ ጋብ ሲል «ነይ፣ ላሻግርሽ» አላት። ሽታዬ ከኋላው ቁጭ አለች።

አክስቷ ዘነቡ ግን መች ዝም ትላለች! አጥሚት በፔርሙዝ አመጣች። ቅቤ አመጣች። ገብስ በከረጢት አመጣች። ዶሮም አመጣች፣ ከነነፍሷ።

«አራስ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም!»

ዚር! ዚር! ዚር! ብስክሌቱ ሮጠ፣ ሮጠ፣ አልተነሳም። ጭቃው ውስጥ ቧ!

ዶሮዋ ትውረድ ተባለ። አክስቷ ተቆጣች፣ ዶሮዋም ተቆጣች። ግን ወረደች።

ዚር! ዚር! ዚር! አሁንም ቧ!

ገብሱ ወረደ። ቅቤው ወረደ። አክስቷ ከኋላ እየሮጠች፣ «ኧረ ባዶ እጅ አይኬድም!»

አጎቷ ካፖርቱን አወለቀ። ጫማውንም አወለቀ። ዚር! ዚር! ዚር! ሽው... ብስክሌቱ ትንሽ ተነሳ። ሽታዬ በደስታ ዓይኗን ጨፈነች።

ቧ!

አጎቷ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቁና ቁና ተነፈሰ። ደመናው እንደገና ጠቆረ።

ብስክሌቱ ላይ የቀሩት ፔርሙዙና ሽታዬ ናቸው። ፔርሙዙ ትንሽ ነው። አጎቷ ሽታዬን አየት አደረገና አቀረቀረ። ውረጂ ማለት አቃተው።

ሽታዬ ሁሉም ገባት። እማዬን እንዴት ናፍቃታለች! ግን ወረደች።

«አጥሚቱን አድርስላት» አለችና አለቀሰች።

ዚር! ዚር! ዚር! ሽው... ብስክሌቱ ከሣሩ ተነሳ። ወንዙ ላይ ሄደ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ። የአጎቷ እግር ውኃውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ወዲያ ማዶ ሲደርስ ቧ! ክንፉ ስብርብር አለ። አጎቷ ግን ተነሳና ፔርሙዙን ከፍ አድርጎ አሳያት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ማዶው ጠፋ። አክስቷ ሽታዬን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ወሰደቻት። ሽታዬ እራት አልበላም አለች።

ስልኩ ጠራ። እማዬ ናት። ድምጿ ቀጭን ሆኗል።

«ሽታዬ፣ አጥሚቱን ጠጣሁት። ገና ትኩስ ነበር።»

በስልኩ ውስጥ ሕፃኑ «እንጓ! እንጓ!» አለ።

«ማነው?» አለች ሽታዬ።

«ወንድምሽ ነዋ። ድልድዩ ሲሠራ መጥተሽ ታዝይዋለሽ። እስከዚያ ግን ስልኩን እንዳትዘጊው፣ አብረን እንተኛ» አለች እማዬ።

ውጭ ዝናቡ ይዘንባል። ሽታዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ የእማዬን ትንፋሽ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።