ሣህሉ ለምን ዘጋብኝ?

አባቦራ ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ በአንድ እግራቸው ጥቁር፣ በሌላው ቡናማ ጫማ አድርገው ነበር። ሁለቱም የሰው ናቸው። ልጃቸው ኩልሱም ሳቀች። "አባ፣ የሁለት ሰው ሶላት ነው እንዴ ሰግደው የመጡት?" እሳቸውም አብረዋት ሳቁ። ምነው ያ ሳቅ ከአፏ ሳይወጣ በቀረ! ምድጃው መጥፋቱን ደጋግማ ሳታይ የማትተኛ፣ ባሏ ፋሂም በባጃጁ ትንሽ ሲዘገይ ቀብሩን በሐሳቧ የምትጨርስ ሴት፣ መከራን በሁሉም በኩል ስትጠብቅ በጫማ በኩል መግባቱን እንዴት ሳታይ ቀረች?

እያደር የአባቦራ ልብ መንገድ መሳት ጀመረ። የሞተች ሚስታቸውን ይጣራሉ፤ የገዛ ቤታቸው ይጠፋቸዋል። ያልረሱት የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸውን፣ የጋሽ ሣህሉን የጓሮ በር ብቻ ነው። ሲመሽ ሄደው ያንኳኳሉ፤ ሣህሉ ይከፍታሉ፣ ያጫውቷቸዋል፣ ክንዳቸውን ይዘው ይመልሷቸዋል። መንገድ ላይ ያገኛቸውም ሁሉ "አባ፣ ቤትዎ በዚህ ነው" ብሎ ያመጣቸዋል። ያኔ በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈራቸው ጎረቤቱ ሁሉ አጥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዘበኛ ነበር!

ሰፈር ግን ይቀየራል... ነባሮቹ ጭቃ ቤታቸውን እየሸጡ ሄዱ። ሣህሉንም ደካማ ሲሆኑ ልጃቸው ሶሲ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ግቢያቸውን የገዛው ሰው የቆርቆሮ ክፍሎች ደርድሮ አከራየ። ኪራዩ ርካሽ ነው ሲባል ከሰኮሩ ከተማም ከሌላ ቦታም ሰው ጎረፈ። ክፉዎች አልነበሩም። አባቦራን አያውቋቸውም፤ በቃ።

ፋሂም አንድ ቀን ጓጉንቸር ገዝቶ ገባ።

"ኩልሱም፣ ሲመሽ የአጥሩን በር እንቆልፍ። የሚመልሳቸው የለም እኮ።"

"በአባቴ ላይ? ከብት ናቸው በረት የምዘጋባቸው? ሰው ምን ይለኛል?"

"የቱ ሰው? የሚያውቅሽ ሁሉ ሄዷል አቦ!"

ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

በክረምቱ አንድ ምሽት ወጥ ልታማስል ጓዳ ገባች። ስትወጣ የአባቷ ፍራሽ ባዶ ነበር። ያ ረቢ! ፋሂም በባጃጁ፣ እሷ በባዶ እግሯ፣ በዚያ ዝናብ መስጊዱን፣ ገበያውን፣ የወንዙን ዳር አሰሱ። የሣህሉንም ግቢ በፊት ለፊት አንኳኩታ ጠይቃለች። የጓሮው በር ግን በአዲሶቹ ክፍሎች የተደፈነ መስሏት አልዞረችም። አባቦራ ጎህ ሲቀድ እዚያው በር ሥር፣ በጭቃ ላይ ተኮራምተው ተገኙ። ማታ "ሣህሉ፣ ክፈት!" ሲሉ ከሰኮሩ የመጣች ሌንሳ የምትባል ተከራይ ሰክሮ የሚጮህ ሰው መስሏት መቀርቀሪያውን ይበልጥ አጥብቃው ነበር።

ሳንባቸው ነው ተባለ። መድኃኒቱ አልያዘላቸውም። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ "ሣህሉን ምን በደልኩት? ለምን ዘጋብኝ?"

ሌንሳ ሰምታ መጣች። ከአልጋው ሥር ተንበርክካ ስታለቅስ አባቦራ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሶሲ፣ መጣሽ? አባትሽ ተቀየመኝ እንዴ?"

ሌንሳ ደንግጣ ኩልሱምን አየች። ኩልሱም ጎትታ ልታስወጣት ትችል ነበር... ግን "ሶሲ ሁኚላቸው" በሚል በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላት።

"አልተቀየሙም አባባ። ቁልፉ ጠፍቷቸው ነው። ሲያገኙት ይከፍቱልዎታል።"

"እንዲያ በይኝ!" አሉ አባቦራ፤ ፊታቸው በራ። "ይፈልግ። እጠብቀዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

ቀብሩ አልቆ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ሌንሳ ብቻ ቀረች። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ" አለች።

"አንቺ ሳታውቂያቸው ዘጋሽ" አለች ኩልሱም እንባዋን ሳትጠርግ። "እኔ ግን እያወቅኩ ሳልዘጋ ቀረሁ። ሂጂ፣ እንቅልፍ ይውሰድሽ።"

አይ ዕጣ ፈንታ! አንዱ በር በመዘጋቱ፣ ሌላው ባለመዘጋቱ ሰው ይሞታል? ክብር ያልነው ነገር ጠላት መሆኑን የምናውቀው ለምን ሁልጊዜ ዘግይተን ነው? ኩልሱም ሌንሳን ሸኝታ ጓጉንቸሩን ከሚስማሩ አወረደች። ማን እንዳይወጣ? ማንስ እንዳይገባ? እሷም አላወቀችም። ጨለማውን መንገድ እስከ ጥጉ አየችው፤ ማንም አልነበረም። በሩን ገፋችው፣ ጓጉንቸሩን አስገባች፣ ቆለፈችው።