የምክንያቱ ቦታ

ኢንስፔክተር አኬሎ የዩኒፎርሟን የእጅጌ ቁልፍ እየሰፋች ነበር። ክሩ ለሦስተኛ ጊዜ ከመርፌው ሲወጣ ስልኳ ጮኸ። መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክታ አነሳችው።

«ኒውላንድ፣ የውሃ ፕሮጀክቱ ግቢ» አላት ተረኛው ፖሊስ። «መካኒኩ ጎርደን በኤሌክትሪክ ሞቷል። ጄኔሬተሩን ያስነሳው ዘበኛ ተይዟል። አዛዡ ጉዳዩ ቀላል ነው ብለዋል፤ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ሄዶ ይወስደዋል።»

«ቀላል ከሆነ እኔን ለምን ፈለጋችሁ?»

«መርማሪ መፈረም አለበት።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ዝናቡ ሊነጋ ሲል አባርቶ ነበር፤ አሁን ፀሐይዋ ከመሬቱ እንፋሎት ታስነሳለች። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢያሱ በር ላይ ተቀበላት። ነጭ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

«አኬሎ! መዘምራን ውስጥ አብረን ሳለን ሁልጊዜ ታረፍጂ ነበር፤ ዛሬም አረፈድሽ» አላት። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድም ነበር የሞተብን። ዘበኛው ፑዎት ላይ አትጨክኚ፤ ግድየለሽነት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ጸሐፊዋ ኛጋች ግን ትናንት ከጎርደን ጋር ስትጨቃጨቅ ነበር፤ እንዳልደብቅሽ ብዬ ነው።»

አኬሎ አንድ ቦታ ቆሞ መስማት አይሆንላትም፤ እግሯ ቀድሟት ሄዷል።

ጎርደን ከፓምፕ ጉድጓዱ ወጥቶ አጠገቡ ሸራ ላይ ተጋድሟል። ጉድጓዱ ሰው የሚውጥ ጥልቀት አለው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ድፍርስ የዝናብ ውሃ አቁሯል። የሟቹ ግራ እግር ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ጫማ አድርጓል። ቀኙ ባዶ ነው።

ዘበኛው ፑዎት እጁ ታስሮ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አኬሎ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ንገረኝ።»

«በየቀኑ ሁለት ሰዓት ጄኔሬተር አስነሳለሁ። መጀመሪያ ጫማ አያለሁ። ጫማ ካለ አልነካም። ዛሬ ጫማ የለም። አስነሳሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

«የምን ጫማ?»

«የጎርደን ጫማ። ሽቦ ሲነካ ቀኝ ጫማውን አውልቆ ማስነሻው ላይ ያስቀምጣል። ወረቀት ብለጥፍ ንፋስ ይወስደዋል፣ የእኔን የሸተተ ጫማ ግን ማን ይነካዋል ይላል።» ፑዎት ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። የግቢው ዶሮም ያውቃል።»

«ከሁለት ሰዓት በፊት የት ነበርክ?»

«በር ላይ። በርሜል የጫነ መኪና ጭቃ ያዘው። ሃያ ደቂቃ ገፋን።» የታሰረ እጁን አነሳ። «ይህ እጅ ነው ያስነሳው። እሱን አልክድም። ሰባት ልጅ አለኝ፤ ለትንሹ ስም ያወጣለት ጎርደን ነው። እስር ቤት ብገባ ማን ያበላቸዋል? ግን አንቺ እመኚኝ፣ ጫማ አልነበረም።»

አኬሎ ተነስታ በጄኔሬተር ቤቱና በጉድጓዱ መሐል ተመላለሰች። ጭቃው በብዙ እግር ተቦክቷል። ከተከመሩት የውሃ ቱቦዎች ጀርባ ግን ማንም ያልረገጠው ቀጭን መተላለፊያ ነበር። በዚያ ያለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ሄዷል፣ አልተመለሰም። በግራ በኩል የጎማ ጥርስ፣ በቀኝ በኩል አምስት ጣት። እንደገና የጎማ ጥርስ፣ እንደገና አምስት ጣት። በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ወደ ቢሮው ገባች።

ሪፖርት ጸሐፊዋ ኛጋች ዓይኗ ቀልቷል። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሠራተኛው የጻፍኩት ነው። ለጋሾቹ ምን ሆነ ብቻ አይሉም፤ በምን ሆነ ይላሉ። ሐረጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከለመድሻቸው ሪፖርቱ ራሱ ይሄዳል። ሌድ ቱ፣ ሪዛልት ኢን ካልሽ ምክንያቱን ታስቀድሚያለሽ፤ ይህ ያንን አስከተለ እንደማለት። ሪዛልት ፍሮም ካልሽ ደግሞ ውጤቱ ይቀድማል፤ ይህ የመጣው ከዚያ ነው እንደማለት።»

«ሠራተኛው የቱን ይወዳል?»

«ውጤቱን ማስቀደም። ውጤት ሁሉም ሰው ያየዋል። ከዚያ ሪዛልት ፍሮም ይሉና ነጥብ ነጥብ አድርገው ይተዉታል። የምክንያቱን ቦታ ኢያሱ ይሞላዋል። በዚህ ቢሮ እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

አደጋ ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ የየራሱን ገጽ ይሰጣል፤ ኛጋች የተቀበለችበትን ሰዓት ትጽፍበታለች። የዛሬዎቹ አራት ነበሩ። ፑዎት በአፉ ተናግሮ ያጻፈው፣ ወጥ ሠሪዋ ኛሙዎች የሰጠችውና የኛጋች የራሷ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፦ የጎርደን ሞት የመጣው ከ……። የምክንያቱ ቦታ ባዶ ነው።

አራተኛው የኢያሱ ነው። አኬሎ በልቧ እየተረጎመች አነበበችው። «የጫማው ማሰሪያ መበጠስ ለመንሸራተቱ ምክንያት ሆነ። መንሸራተቱ ሽቦውን እንዲጨብጥ አደረገው። ዘበኛው ሳያረጋግጥ ጄኔሬተሩን ማስነሳቱ ሞትን አስከተለ።»

«አንዱ አንዱን ይዞታል» አለች።

«ጎበዝ ነው። ምክንያት አያጣም።»

«ሦስት ሰዓት ተቀብያለሁ ብለሽ ጽፈሻል። እርግጠኛ ነሽ?»

«ሬሳውን አውጥተን፣ እጄን ታጥቤ እንደተቀመጥኩ ነው የሰጠኝ።»

«ትናንት ከጎርደን ጋር ተጨቃጭቀሽ ነበር አሉ።»

ኛጋች እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች። «ባለፈው ወር ወደ ጀዊ በሚወስደው መንገድ ካለው የውሃ ማደያችን የጠጡ ሕፃናት ታመሙ። ጎርፍ አስከተለው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኢያሱ እንደነገረኝ ጻፍኩ። ትናንት ጎርደን መጥቶ፣ ጎርፉን ለምን ትከሺዋለሽ? ማጣሪያውን ሁለት ሳምንት የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ውሃው ሳይጣራ ቶሎ ወርዶ ብዙ በርሜል እንዲሞላ ዝጋው ያለኝ ኢያሱ ነው አለኝ። ዛሬ ከለጋሾቹ ለሚመጡት እንግዶች እናገራለሁ አለ። ሥራዬን ታሳጣኛለህ ብዬ ጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።»

«ኢያሱ ሰምቷል?»

ኛጋች ከጎኗ ያለውን ግድግዳ በጣቷ መታችው። ቺፑድ ነው፤ ድምፁ ወዲያ ማዶ ኢያሱ ክፍል ገባ።

አኬሎ ወጥታ ጉድጓዱ እንዲቀዳ አዘዘች። አንድ ፖሊስና ኛሙዎች በባልዲ ያወጡ ጀመር። ኛሙዎች ውሃው በረጨባት ቁጥር ፖሊሱን ትሰድባለች። «አንተ፣ ቀሚሴን ነው ወይስ ጉድጓዱን የምታጥበው?»

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ባልዲው ጭቃ ብቻ ያወጣ ጀመር። ከጭቃው ጋር የቀኝ እግር በረባሶ ወጣ። ማሰሪያው ለሁለት ተከፍሏል። አኬሎ በመሐረቧ ጠርጋ ጫፉን አየች፤ ከዚያም ፖሊሱን ወደ ጎን ወስዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የፖሊስ መኪናው ቀድሞ መጣና ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆመ። አኬሎ ሁሉንም ታንከሩ ሥር ሰበሰበች። ፑዎት ዓይኑን ከመኪናው አላነሳም።

«እንግዶቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» አለ ኢያሱ ሰዓቱን እያየ። «ቶሎ ብትጨርሺልን።»

«ቶሎ ነው። ጫማው ከጉድጓዱ ወጥቷል፤ ማሰሪያውም እንዳልከው ለሁለት ነው።»

«አላልኩም?»

«ብለሃል። ግን ጎርደን ጉድጓዱ ጋ የደረሰው በአንድ ጫማ ነው። ከቱቦዎቹ ጀርባ ዱካው አለ፤ ግራው ጎማ፣ ቀኙ ባዶ እግር። ስለዚህ ቀኝ ጫማውን ቀድሞ አውልቆታል። የሚያወልቀው ደግሞ ለምን እንደሆነ ዶሮውም ያውቃል። ጫማው ማስነሻው ላይ ነበር። ፑዎት መኪና ሲገፋ አንድ ሰው አነሳው።»

«ራሱ ፑዎት ቢያነሳውስ?»

«ይችል ነበር። ኛጋችም፣ ኛሙዎችም ይችሉ ነበር። ለዚህ ነው ወረቀቶቹን ያነበብኩት።» አራቱን ገጾች አወጣች። «ሦስቱ የምክንያቱን ቦታ ባዶ ትተዋል። ባዶ እግሩን አይተዋል፤ ሌላኛው ጫማ የት እንዳለ አያውቁም። ያንተ ብቻ ሞልቷል። ማሰሪያው ተበጥሷል ይላል። የሰጠኸው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጫማው ከድፍርሱ ውሃ የወጣው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ማሰሪያውን በየት በኩል አየኸው?»

«ገመትኩ። በረባሶ ይበጠሳል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል ብሎ መገመት ይቻላል። ማሰሪያውን ግን እንዴት ትገምታለህ? ደግሞ አልተበጠሰም፤ በስለት ተቆርጧል። ኛሙዎች፣ ሬሳው ሲወጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀድሞ የተንበረከከው ማን ነበር?»

«እሱ» አለች ኛሙዎች። «ጃኬቱን ታቅፎ ሲያለቅስ አሳዘነኝ። በዚህ ሙቀት ጃኬት ምን ያደርግለታል አላልኩም።»

ፖሊሱ ከኢያሱ መሳቢያ ያወጣውን የወረቀት መቁረጫ አሳየ። ስለቱ ላይ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

«ማሰሪያውን ቆርጠህ፣ ጫማውን በጃኬትህ ደብቀህ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልከው። ወረቀቱን ባዶ ትተህ ዝም ብትል ኖሮ አላገኝህም ነበር» አለች አኬሎ። «ግን ባዶ ቦታ አይተህ አታልፍም። ዓመት ሙሉ የሁሉንም ሞልተሃል።»

ኢያሱ የሸሚዙን እጅጌ ቁልቁል ሳበ። ቃሉ ተቆራርጦ ወጣ። «ጫማው ተነሳ… ከዚያ ነገሩ… አንዱ ሌላውን አስከተለ…»

«ጫማው ራሱ አልተነሳም። ማን አነሳው?»



«እኔ» አለ ኢያሱ።

ኛጋች ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ «የሕፃናቱን ሪፖርት እንግዶቹ ሳይመጡ እንደገና እጽፈዋለሁ» አለች።

«ሥራሽስ?» አለቻት አኬሎ።

«ጎርደን እውነቱን ሊናገር ሲነሳ ሥራዬስ አላለም።»

መኪናው ኢያሱን ይዞ በድልድዩ በኩል ወደ ፖሊስ ጣቢያ አቀና። አኬሎ የፑዎትን ገመድ ራሷ ፈታችለት። አንጓው ላይ ቀይ መስመር ቀርቷል። ቤትህ ሂድ አለችው፤ አልሄደም። የጎርደንን አስከሬን ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት እስከ በሩ ሸኘ። ከዚያ ተመልሶ ሬሳው ያረፈበትን ሸራ አነሳ፣ ጭቃውን በባልዲ ውሃ አጠበ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ዘረጋው። ሲደርቅ ጫፍ ከጫፍ አገናኝቶ አራት ቦታ አጠፈውና አንድ በርሜል ላይ አኖረው።