አልዘጋ ያለው የአለነ ፋይል

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሙት ጠራኝ፣ ጋኔን ታየኝ የሚለኝ ሲያጋጥመኝ «ሂድ እንቅልፍህን ጨርስ» ብዬ የምስቅ ነኝ፣ ደግሞም የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ ኮሪደሩን ሞልቶት ነው።

ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ሠራተኛውን ሁሉ የሚያምስበት ዘመን ነበር፣ እኔም ከደብረ ብርሃን ወረታ ተመድቤ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የገበሬውን የመሬት መዝገብ የያዘውን ሰርቨር እጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሰርቨሩን አፕዴት አደረግኩት፣ ሰኞ ስንገባ አንዲት ገጽ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጥፋቱ የኔ ነው።

በሩ ላይ ጥሩአለም የምትባል፣ በኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ከል ለብሳ ቆማለች። ባሏን አለነን ክረምቱ ሲገባ ፎገራ ሜዳ ላይ ከብቶቹን ሊያወጣ ገብቶ ጎርፍ ወስዶታል፣ አርባው ገና አልወጣም፣ የገዛ ወንድሙ ግን ጎርፉ ድንበር ማጥፋቱን አይቶ የሩዝ ማሳዋን ሊጠቀልል ከሷታል። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻ ቀጠሮዋ የዚያኑ ቀን ስምንት ሰዓት ነው። የይዞታ ደብተሯን ጎርፉ ከነሳጥኑ ወስዶታል፣ የኛም የወረቀት መዝገብ አምና ውሃ ገብቶበት በስብሷል፣ ስለዚህ ድንበሯን የሚመሰክርላት ሰርቨሩ ላይ ያለችው ገጽ ብቻ ነበረች።

ገመዱን ፈተሽኩ፣ ጸረ ቫይረሱን አጠፋሁ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተ የሚያሳየውን ዝርዝር ሳወጣ ሰርቨሩን ወጥሮ የያዘው አንድ ማሽን ነው፣ የከፈተውም የአለነን ፋይል። ማሽኑ የመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ደግሞ አምና ከመዝገቡ ጋር ውሃ በልቶት ግምጃ ቤት ተጥሏል፣ ዲስኩን የነቀልኩት ራሴ ነኝ!

ዘጋሁት፣ ተከፈተ። ደግሜ ዘጋሁት፣ ተከፈተ፣ በተከፈተ ቁጥር የሰርቨሩ ዲስክ ቀስ እያለ ክርር ይላል፣ እመኑኝ፣ ሰው ገጽ በገጽ እየገለጠ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሳጥን ሄጄ አየሁ፣ የመዝገብ ክፍሉ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ገመድ አልተሰካበትም፣ አረንጓዴ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ይላል። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

መዝገብ ቤት ያረጁት ጋሽ ታረቀኝ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። «እኛ የሟችን መዝገብ አርባው ሳይወጣ አንነካም፣ የኖረ ወግ ነው። ተወው፣ አይቶ ሲጨርስ ይለቀዋል» አሉኝ።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ይኼ እኮ ማሽን ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ጥሩአለም ሰምታን ኖሮ ገባች። «እሱ ነዋ» አለች፣ «የድንበር ነገር ከተነሳ ደብተሩን ገልጦ ሳያይ እህል አይቀምስም ነበር። ተወው ወንድሜ፣ እጠብቃለሁ።»

እኔ አልጠበቅኩም። ባለጉዳዩ ያጉረመርማል፣ ኃላፊው ሁለቴ አስጠርቶኛል፣ ደግሞም ልክ መሆኔን ላሳያቸው እልህ ይዞኝ ነበር፣ እውነቱ ይኸው ነው። አፕዴቱን ነቅዬ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። የሳጥኑ መብራት ጠፋ፣ ፍጥነቱ ተመለሰ፣ ኮሪደሩ ላይ ያጨበጨበልኝም ሰው ነበር።

የአለነን ፋይል ከፍቼ አተምኩት። ማኅተሙና የመዝገብ ቁጥሩ አለ፣ ስሙም አራቱ አዋሳኞቹም የሉም፣ ነጭ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፣ እኔ መልቀሙም አልሆነልኝ። ባለሙያ ብትጠይቁ ተከፍቶ ሳለ በግድ የተዘጋ ፋይል ይበላሻል ይላችኋል፣ እኔም ለኃላፊው ያንኑ ጻፍኩ፣ ግን አርብ ዕለት ገልብጬ ካቢኔ ውስጥ የቆለፍኩበት ቅጂስ ምን ሆኖ ነጣ?

ጥሩአለም ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ሊመሰክርልኝ መጥቶ ነበር» አለችኝ፣ «አንተ አስወጣኸው።»

ማሳው ለወንድሙ ተፈረደ፣ እሷም ሐሙሲት ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከዚያ በኋላ ወረታ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ በየጠዋቱ ያንን ዝርዝር አወጣ ነበር፣ ተመልሶ ከከፈተው እስኪጨርስ ዝም ልለው። አንድም ቀን አልመጣም።