አራተኛው ማሰሪያ

ሐምሌ 1999 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስጦታው ቢቸና ባለው ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ራሱ ነድፎ በሠራው የብየዳ ማሽን አጠገብ በጀርባው ወድቋል። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። ወለሉ ከበሩ ሥር በገባ የዝናብ ውሃ ርሷል። ጩኸት ሰምቶ የሮጠው የፊት ለፊቱ በያጅ የኔሰው ቆጣሪውን ባያጠፋ ኖሮ ሌላም ሰው በተጨመረ ነበር።

ከተማው ገዳዩን ለማወቅ ፖሊስ አላስፈለገውም። «ሚስቱ የጠቀለለችው ሽቦ ገደለው» ተባለ፣ አለቀ። የማሽኑን ልብ፣ የመዳብ ሽቦውን ጥቅል፣ በእጇ የሠራችው ሚስቱ ስርጉት ነበረች። ጥቅሉ በደንብ ካልተሠራና ሽቦው ብረቱን ከነካ ማሽኑ ሰው ይይዛል። የስጦታው እናት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከልቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆመው ምራታቸውን፣ «በዚያ እጅሽ ልጄን አታለቅሺውም!» ብለው መለሷት። እውነቱን ለመናገር፣ አሮጊቷ በምራታቸው መቅናት የጀመሩት የሠርጉ ዕለት ነው፤ ሰበብ ያገኙት ግን ዛሬ ነው። ስርጉት ጓሮ ገብታ ከማገዶው አጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች።

ከሞጣ የተጠራችው መርማሪ ኢንስፔክተር ሀብትነሽ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ በነገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰው ስትጠይቅ ፈገግ ትላለች፤ ያንን ፈገግታ አምኖ አፉን የከፈተ ሁሉ ኋላ ቆጭቶታል።

የማሽኑን የቆርቆሮ ሽፋን አስፈታች። ውስጡ ጥቅሉ በአራት የጥጥ ፈትል ማሰሪያዎች ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በአራተኛው ማሰሪያ ሥር ሽቦውን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ተፍቆ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። ኢንስፔክተሯ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ቧጠጠች፣ በጣቶቿ መካከል አሞቀች፣ አሸተተች።  ሽፋኑ ላይ በሟቹ እጅ «ቅዳሜ ተፈተነ» የሚል የጠመኔ ጽሑፍ አለ። ከማሽኑ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ደግሞ ተፈትቶ ጥግ ያለ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ።

መጀመሪያ የኔሰውን አስጠራችው።

«ትቀናበት ነበር ይላሉ» አለችው።

«እንዴታ! እንዴት አልቀና?» አለ የኔሰው ሳያፍር። «የእኔ ማሽን ከውጭ አገር የመጣ ነው። እሱ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ብረት ለቅሞ የእኔን የሚያስንቅ ሠራ። ሞጣ ያለው የሙያ ማሠልጠኛ ሰምቶ፣ ሰኞ መጥተን እንየው፣ ከወደድነው ለተማሪዎቻችን አሥራ ሁለት ትሠራልናለህ አለው። ሰው አይደለሁ እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

«ቅዳሜ ሲፈትነው ነበርክ?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የፍተሻ አምፖሉን አንዱን ጫፍ ከማሽኑ ቆርቆሮ፣ ሌላውን መሬት ከተቀበረው ብረት ላይ ያደርጋል። ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው አምልጦ ከሆነ አምፖሉ ይበራል። መጀመሪያ ከሶኬቱ አብርቶ ደህና መሆኑን አሳየን። ከዚያ ማሽኑን አበራና ቆርቆሮው ላይ አደረገው። እኔ በሆዴ፣ ብራ! እባክህ ብራ! እያልኩ ስጸልይ ነበር።»

«በራ?»

«የት አባቱ! ጭል እንኳ አላለም። ንዴቴ እራት ከለከለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀችና አሰናበተችው።

ቀጥሎ ያየህ ገባ። ከስጦታው ጋር ስምንት ዓመት የሠራ፣ የወፍጮ ሞተር ጠቅልሎ በማደስ እስከ ሮብ ገበያ ከተማ ድረስ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። የቀብሩን ጉዳይ የሚያሯሩጠውም እሱ ነበር።

«ጥቅል የአንተ ሙያ ነው። ይህን ለምን አልሠራኸውም?»

«ስጦታው፣ ስርጉት ፈትል ስትፈትል አይቻታለሁ፣ እንደ እሷ ያለ እጅ የለም አለ። እኔም ደስ ካለው ይሁን አልኩ። ሴት ብትሞክር ምን አለበት?»

«አልከፋህም?»

«ለምን ይከፋኛል? ወንድሜ እኮ ነው። ብቻ እሷን አይጫኗት፣ ምስኪን ናት። ሴት የማታውቀው ሥራ ውስጥ ስትገባ እንዲህ ይሆናል። የሴት ጥፋት በክፉ አይታይም።»

ሦስት ጊዜ «ሴት» አለ፤ ኢንስፔክተሯ ቆጠረች።

«እሑድ ማን እዚህ ገባ?»

«ዝግ ነበር። ቁልፉ ግን ጉበኑ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም፣ ስርጉትም፣ የኔሰውም እናውቃለን።»

ስርጉትን ጓሮ ድረስ ሄዳ አገኘቻት፤ አብራት ከማገዶው ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት እንደምትጠቀልዪ ንገሪኝ እስቲ።»

«እያንዳንዱን ዙር እቆጥራለሁ። ሲያልቅ አራት ቦታ በጥጥ ፈትል አስረዋለሁ። እንዳይላላ፣ እንዳይበሰብስም ፈትሉን አስቀድሜ ሰም አሸዋለሁ።»

«የምን ሰም?»

«የማር ነዋ! አባቴ ደብረ ወርቅ ቄስ ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስሠራ ነው ያደግሁት። ጧፍ ያለ ማር ሰም አይሆንም። እጄ ሌላ አያውቅም።» ከዚያ የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት? ደጋግሜ ቆጥሬ ነበር። ከሆነም እውነቱን ይንገሩኝ። እንዲህ ሳላውቀው ከምኖር ብታሰር ይሻለኛል።»

«ባልሽ ስለ ሥራሽ ምን ይል ነበር?»

«ሰው በመጣ ቁጥር ሽፋኑን ከፍቶ፣ የስርጉት እጅ ነው፣ እዩት ይል ነበር። እኔ አፍሬ እደበቃለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ትንሽ ቀናች። የእሷ ባል ሬዲዮኑን እንኳ እንድትነካበት አይወድም።

በሠልስቱ ዕለት ሁሉንም ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከምራታቸው ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ ለሦስቱ ለየኔሰው፣ ለያየህና ለስርጉት የጥጥ ፈትልና የሽቦ ቁራጮች አደለች።

«የሰው ቋጠሮ እንደ ሰው መልክ ነው ይባላል» አለች። «እንደየሙያችሁ አንድ አንድ ማሰሪያ እሰሩልኝ። ቋጠሮውን አያለሁ።»

የኔሰው አህያ የሚያስር ይመስል ጠምዝዞ ጨረሰ። ስርጉት ከነጠላዋ ጫፍ የማር ሰም ድቡልቡል ፈትታ ፈትሉን አሸችና አሰረች። ያየህ ዓይኑን ከቋጠሮው አልነቀለም፤ ማንም ሊያውቀው የማይችል ቋጠሮ ለመቋጠር ላቡ ጠብ አለ። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት እንደለመደው ከኮቱ ኪስ ቁራጭ የሱቅ ሻማ አውጥቶ ፈትሉን ሁለት ጊዜ አሽቶት ነበር።

«በቃ፣ ቋጠሮ ተዉት። እሱ ለማሞኛ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን ስሙኝ። ቅዳሜ ስጦታው ማሽኑን ሲፈትን አምፖሉ አልበራም። ምስክሩ የኔሰው ነው። ወዳጅ ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ እሱ ግን እንዲበራ ሲጸልይ የነበረ ሰው ነው። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለዚህ ነው።»

የኔሰው አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ቅዳሜ ጥቅሉ ደህና ነበር። ሰኞ ግን ሽቦው ተፍቆ ብረቱን ነክቷል። በመካከል እሑድ አንድ ሰው ቁልፉን ከጉበኑ አንሥቶ ገብቷል። አራተኛውን ማሰሪያ ቆረጠ፣ ሽቦውን ፋቀ፣ የስርጉት ሥራ እንዲመስል መልሶ አሰረው። ማን መሆኑን ግን እኔ አልናገርም።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ምራትዎን አይወዱም። ስለዚህ አፍንጫዎን ሁሉም ያምነዋል። እስቲ እነዚህን ያሽትቱልኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የማሽኑን አራት ማሰሪያዎች ተራ በተራ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ማር» አሉ። «ይኼም ማር። ይኼም።» አራተኛው ላይ ቆሙ። ደግመው አሸተቱት። «ይኼ ማር አይደለም። ሻማ ነው።»

«አሁን ደግሞ እዚህ የታሰሩትን።»

የኔሰውን አልፈው ሄዱ፤ ምንም አልተቀባም። የስርጉትን አሸተቱ፤ «ማር» አሉ፣ በቀስታ። የያየህን አነሡ።

«ሻማ» አሉ።



«ማሽኑን ለሰው ለማሳየት ሲሰናዳ» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ፣ «ስጦታው ሰኞ ጠዋት ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ፈትቶ ጠቀለለው፤ ማሽኑን እደጅ ሊያወጣው ነበር። ከዚያ ዓይኑ አልጠግብ ብሎት አንድ ጊዜ አበራው። ቅዳሜ ተፈትኗልና ደግሞ አልፈተነውም። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ነካ።»

«ልገድለው አልነበረም!» ያየህ ተንበረከከ። «የመሬቱ ሽቦ ካለ እኮ ፊውዙ ይበጠሳል እንጂ ሰው አይይዝም! የሞጣ ሰዎች ፊት ድርግም ይበል፣ የእሷ እጅ ይዋረድ ብዬ ነው! እሑድ ሳየው ሽቦው ታስሮ ነበር! ስምንት ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ ለአንድ ሰው እንኳ የያየህ እጅ ነው፣ እዩት አላለም! አንድ ቀን! እሷ ግን ትናንት ጀምራ…»

«ከሞተ ወዲያ ግን እውነቱን ታውቅ ነበር» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ባሏን የገደለች እየመሰላት ጓሮ ስትቀመጥ አይተህ ዝም አልክ። አዝነህላት ምስኪን ናት እያልክ ዝም አልክ። እኔ ይቅር የማልልህ ይህንን ነው።»

ሁለት ፖሊሶች አንሥተው ወሰዱት። የኔሰው በሩን ለቀቀላቸውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከበርጩማው ተነሡ። ስርጉት የሚመቷት መስሏት ወደ ኋላ አለች። አሮጊቷ ግን ሁለት እጆቿን ያዙ፣ ወደ ላይ ገለበጡ፣ መዳፎቿን አንድ በአንድ ሳሙ።

«ልጄ የሚኮራበትን እጅ አስከፋሁት» አሉ። «ነይ። ቦታሽ ከእኔ ጎን ነው።»

ደግፈዋት ወደ ድንኳኑ ወጡ። ስርጉት ባሏ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰችው።