የአደባባዩ መስቀል

«አባትህ ነው የሰበረው! ሂድና መልሰህ ትከለው!»

ብሩክ የወረወረው ጠመኔ የሲላስን ጆሮ ታክኮ አለፈ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሲላስ አንገቱን ደፋ። ከኋላው የተቀመጠችው ትዕግሥት ግን እውነቱን ታውቃለች።

ቴፒ ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ የለም። አምና አስፋልት ሊሠራ ሲል፣ ደመራ በሚበራበት አደባባይ ላይ የቆመው የድንጋይ መስቀል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲዛወር ተወሰነ። ሎደሩን የሚነዳው የሲላስ አባት ነበር። መስቀሉ ግቢው የደረሰው ግን አንድ ክንዱ ተሰብሮ ነው። ታዲያ ማን ሰበረው? ጴንጤው! ከተማው ፈረደ፣ አለቀ።

ትዕግሥት ያን ጠዋት እዚያው ነበረች። አባቷ አቶ ባየና ሌሎቹ የሰበካው ሽማግሌዎች «የጴንጤ ማሽን አይነካውም!» ብለው ሎደሩን አስቆሙት። መስቀሉን በቃሬዛ ተሸከሙት፤ ለክብሩ ብለውም ጫማቸውን አወለቁ። ዝናብ ሲወርድበት ያደረ የቴፒ ጭቃ ደግሞ ለባዶ እግር አይራራም። ከፊት የነበረውን አባቷን አዳለጠውና ቃሬዛው ተገለበጠ። የሲላስ አባት ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ቆሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንድም «እኛ ነን» ያለ የለም።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች አባቷን አገኘችው።

«አባዬ፣ ነገ የመስቀሉን ታሪክ ለክፍሉ የማቀርበው እኔ ነኝ።»

«ሎደር ሰበረው በያ። ምን ያስጨንቅሻል?»

«ግን አንተ እኮ...»

«ዝም በይ! በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ትንፍሽ ብትዪ ልጄ አይደለሽም!»

ያን ጊዜ ጠላችው። ፈራችውም።

በማግሥቱ መምህርት ማናልሞሽ ስሟን ሲጠሩ ወደ ሰሌዳው ወጣች።

«ጴንጤው ጆሮውን ይክፈት!» አለ ብሩክ።

«መስቀሉን ሎደር አልነካውም» አለች ትዕግሥት። «የጣሉት የኛው ሽማግሌዎች ናቸው። መጀመሪያ የወደቀው ደግሞ የኔ አባት ነው።»

«ከሃዲ!» ብሩክ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሌሎቹም ተቀበሉት።

ሲላስ ቀና አለ። ያመሰግነኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ዓይኖቹ ግን በንዴት ቀልተዋል።

«ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?»



«እዚሁ» አለች። «እያየሁህ።»

መምህርቷ ጩኸቱ አስፈርቷቸው «በቃ፣ ተቀመጪ!» አሏት።

አልተቀመጠችም። ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ዓመት ሙሉ እሷም እውነቱን እንደደበቀች አልተናገረችም።