የማይደርቀው ፕላስቲክ

አመናችሁኝም አላመናችሁኝም፣ ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

ታናሽ ወንድሜ ጢሞቴዎስ አባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ አልተመለሰም። ጀልባዋ ባዶዋን ተገኝታለች።

ፎቶውን አትሜ መናኸሪያው በር ላይ ልሰቅል ነበር፤ ያየው ሰው ካለ እንዲደውልልን። ወረቀት ዝናብ ያበላሸዋል። የቀረኝ ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ መስታወት የሚመስለው አክሪሊክ ብቻ ነው።

እናቴ አጠገቤ ቆማ ፎቶውን አየች።

"ይሄን አይወደውም። ጥርሴ ገጠጠ ይላል።"

"መጥቶ ይቆጣን፣ እማ።"

መሸፈኛ ላስቲኩን ልጬ ፕላስቲኩን ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። በአልኮል ጠረግሁት። እርጥበት ካለው ቀለሙ አይይዝም።

ማሽኑ ጀመረ። ቀለሙ የማሽኑ መብራት ሲያልፍበት እዚያው ይደርቃል።

ፀጉሩ ወጣ... ዓይኖቹ... አፍንጫው...

አፉ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ተንሸራተተ።

አቆምኩት። አፉ በሚታተምበት ቦታ እንፋሎት ነበር። ጠረግሁት።

ተመልሶ መጣ... ጠፋ... ተመልሶ መጣ።

ሰው መስታወት ላይ ሲተነፍስ እንደሚሆነው።

ፕላስቲኩን ብድግ አድርጌ ከስሩ አየሁ። ጠረጴዛው ደረቅ ነው። ሌላ ፕላስቲክ አመጣሁ። ላስቲኩን ገና ስልጠው... እንፋሎቱ እዚያው ቦታ ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

ጨርቁን አነሳሁ። እናቴ እጄን ያዘች።

"አትጥረጊው።"

"እማ..."

"እየተነፈሰ ነው። ተይው።"

ስልኬ ጠራ። በጀልባ ሲፈልጉት ከዋሉት አንዱ፣ እንድሪያስ ነው።

"ኑኃሚን... አገኘነው።"

"ደህና ነው?"



"መጀመሪያ እናትሽን ቁጭ አድርጊያቸው።"

እናቴ ሰምታለች። ግን ዓይኗን ከፕላስቲኩ ላይ አላነሳችም።

"ተሳስተው ነው" አለች በሹክሹክታ። "ሌላ ሰው ነው ያገኙት። ይኸው፣ እይው።"

እውነትም እንፋሎቱ ይመጣል... ይሄዳል... ይመጣል...

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔም አመንኳት። ጨርቁን ጣልኩት። ሁለታችንም እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ጎንበስ አልን።

ያኔ ነው እንፋሎቱ መሃል አራት የጣት መስመሮች የወጡት።

ቀስ ብለው... ከላይ ወደ ታች... ከወዲያኛው በኩል።

በመስመሮቹ ውስጥ መታየት የነበረበት የማሽኑ ጠረጴዛ ነው።

የታየን ውሃ ነው። እንደ አባያ የቀላ፣ ድፍርስ ውሃ... ይንቀሳቀስ ነበር።